አንድ ጠርሙስ ይበቃ ነበር

ዳቦ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የዳቦ መኪናዋ በምታድርበት ቦታ፣ ሲሚንቶው ጠቁሯል። በሳሙና ቢፈተግም፣ በናፍጣ ቢታጠብም የሚለቅ ጥቁረት አይደለም። የቤቱ ታላቅ እህት ጠዋት ጠዋት፣ መኪናዋ ዳቦ ጭና እንደወጣች፣ እዚያ ቦታ ላይ ትቆማለች። ዳቦ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ወንድሞቿ «እትዬ» ይሏታል፤ ሠፈሩም ከነሱ ሰምቶ እትዬ ይላታል። ማታ ከመኪናዋ ሥር የተነጠፈውን ካርቶን ጎንበስ ብላ ታየዋለች። የዘይቱ ጠብታ ምን ያህል እንደሰፋ ትለካና ጥርሷን ነክሳ ወደ ቡኮዋ ትመለሳለች።

መኪናዋ አባታቸው ትቶላቸው የሄደ አሮጌ ቫን ናት። ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይላታል። በሯ ሲዘጋ ሁለቴ መሳብ ይፈልጋል፤ የጎን መስታወቷ በሽቦ ታስሯል። ሞተሯ ግን ደህና ነበር። ከሞተሯ ይልቅ የተበላሹት ነጂዎቿ ናቸው።

ነጂዎቿ ሁለቱ ወንድሞች ናቸው። ቤት ውስጥ ትልቁና ትንሹ እየተባሉ ነው ያደጉት፤ ዛሬ ሁለቱም ሚስትና ልጆች እያሏቸው ስሙ አልለቀቃቸውም። አባታቸው በሞተ ዓመት አሮጊቷ መንገድ ላይ ሞቃ ቆመች። ትልቁ፣ ውሃ ያልጨመረው ትንሹ ነው አለ። ትንሹ፣ ራዲያተሩ የተቀደደው ትልቁ ሲነዳት ነው አለ። ሰው ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል ሲባል ትሰማ ነበር እትዬ፤ የሷ ወንድሞች ግን የምራቸውን በውሃ ተጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

መኪናዋን ለሁለት መክፈል ስለማይቻል ቀኑን ለሁለት ከፈሉት። ከንጋት እስከ እኩለ ቀን የትልቁ ነው፤ የሆስፒታሉን ዳቦ የሚያደርሰው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የትንሹ ነው፤ ዱቄት ያመጣል፣ ለሱቆች ያከፋፍላል። ቁልፉን እጅ ለእጅ አይቀባበሉም። ምድጃው በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ አንዱ ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል። በር ላይ ከተገናኙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። የሚባባሉት ነገር ካለ በእትዬ በኩል ያልፋል። «ንገሪው፣ ጎማ ይንፋ» ይላል ትልቁ፣ ትንሹ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ። «ንገሪው፣ ትናንት የነፋሁት እኔ ነኝ» ይላል ትንሹ። እሷም መሀል ቆማ፣ ሁለቱም የሰሙትን ነገር ደግማ ታሰማቸዋለች። መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ ይስቁብኛል ብላ ፈርታ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ለመዱት። አንጀቷን ያሳረራት ይሄ መለመዱ ነው።

የቻለችው ለሆስፒታሉ ዳቦ ብላ ነው። የሠፈሩ ሱቆች የሚወስዱት ምድጃውን ለማሞቅም አይበቃም። ምድጃው የሚነደው፣ ሠራተኞቹም እንጀራቸውን የሚያገኙት በሆስፒታሉ ትእዛዝ ነው። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ጥርሷን ለማንም የማታሳይ ሴት ናት። ለበሽተኞች ሻይ ሳይቀዳ ዳቦው መድረስ አለበት። ባለፈው ዳቦው ዘግይቶ ሲደርስ እትዬን አስጠርታ፣ በሽተኛ መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ አይውጥም፣ ዳግመኛ ከዘገየ ሌላ ዳቦ ቤት አላጣም ብላታለች። አልጮኸችባትም፤ ስትናገር ዳቦ እየቆጠረች ነበር።

ስለዚህ የዘይቱ ጠብታ መስፋት ሲጀምር እትዬ እንቅልፍ አጣች። ሁለቱን ወንድሞቿን ትታ ራሷ ወደ ጋራዥ ሄደች።

ጋራዡ ከሆስፒታሉ ዳገት ሥር ነው። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ፣ እርጋታው ባለመኪና የሚያስለቅስ ሰው ነው። ኮፋኖ ከመክፈቱ በፊት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ምን እንደሚል የሚሰማው አንድዬ ብቻ ነው። መኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ነው አላት። እዚያ፣ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ፤ ኦይል ሲል ይሉታል። ጎማው አርጅቶ ደርቋል፣ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ መያዝ ትቷል። ቀለበቱ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ዕቃ አይደለም፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ መኪናዋም ሳምንቱን ጋራዥ ትከርማለች።

ሳምንት የሚለውን ስትሰማ እትዬ ፊቷ ተለወጠ። መካኒኩ ይህንን አይቶ ሌላም ነገር አለ አላት። ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አለ፤ ሰዉ አዲቲቭ ይለዋል። የደረቀ ጎማ ያለሰልሳል፣ ትንሽ ያሳብጠዋል፣ ጎማውም ዘንጉን መልሶ ይይዛል። ተአምር አይደለም። ጎማው ተሰንጥቆ ከሆነ ምንም አይፈይድም። ደርቆ ብቻ ከሆነ ግን ማፍሰሱን ያቆመዋል፣ ወይም ይቀንሰዋል፣ ጊዜም ይሰጥሻል አላት።

እሷም በቅን ልቦና ሁለቱንም መንገድ ይዛ ወደ ወንድሞቿ ተመለሰች። ካምቢዮው ይውረድ ወይ ብላ ጠየቀች። ትልቁ፣ ይውረድ፣ ግን ከሰዓት በኋላ በሱ ሰዓት ይሁን አለ። ትንሹ፣ ይውረድ፣ ግን ጠዋት በሱ ሰዓት ይሁን አለ። ካምቢዮ እንደ ኮፍያ ጠዋት አውልቀው ከሰዓት የሚያጠልቁት ነገር ይመስል። እትዬ ደሟ ፈላ። ሁለቱንም ትታ መድኃኒቱን መረጠች።

መካኒኩ አሮጌውን ዘይት ገልብጦ አዲስ ሞላ፣ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ጨመረ፣ የዘይት መለኪያዋን ብረት መዝዞ ልኩ ላይ መድረሱን አሳያት። ዛሬ ጨምረሽ ዛሬ አይቆምም፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ታገሽው አላት። የመጨረሻውን ግን ዓይኗን እያየ ነው የተናገረው።

«ይሄ ነገር ሲበዛ ይገድላል፣ እህቴ። ጎማውን አለስልሶ አለስልሶ እንደ ቡኮ ያደርገዋል። አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ማንም እጁን እንዳያስገባ።»

ይህንንም ለሁለቱም ነገረች። ለትልቁ ቡኮ የሚቦካበት ጠረጴዛ ላይ፣ ለትንሹ ግቢው በር ላይ፣ ለየብቻ። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ትልቁ ማስጠንቀቂያው ለትንሹ መሰለው፤ ትንሹም ለትልቁ መሰለው።

ሰነባብቶ ጠብታው አነሰ። እንደ ሳህን የሰፋው እድፍ እንደ ብርጭቆ አፍ ሆነ፣ ከዚያም እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። እትዬ ጎንበስ ብላ ባየች ቁጥር በልቧ ተመስገን ትላለች። ወንድሞቿም በየበኩላቸው የምሥራች ያመጡላት ጀመር። ንገሪው፣ ዘይት እኮ መቀነስ አቆመ፣ እኔ መንከባከብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው አላት ትልቁ። ትንሹ ደግሞ ዘይቱ መቀነስ ትቶ እንዲያውም ከፍ ብሏል፣ ንገሪው፣ ያያያዝ ጉዳይ ነው አላት። ንገሪው ያሉትን ነገረች። ካርቶኑ ጭራሽ ደረቀ። ዘይት ከፍ ማለቱን ግን ከየት መጥቶ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ጠዋት፣ እጇ እስከ ክርኗ ቡኮ ውስጥ እንዳለ፣ ስልኳ ጮኸ። ከሠራተኞቹ አንዷ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ትልቁ ነው። አሮጊቷ የሆስፒታሉ ዳገት ላይ ቆማለች፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም፣ የሚቃጠል ነገርም ይሸታል አላት። ከዚያ፣ ዳገት ላይ እንዳለ፣ ዳቦው መኪናዋ ላይ እንደተጫነ፣ በሽተኞቹ እየጠበቁ፣ ንገሪው፣ ትናንት ምን እንዳደረጋት ይናገር ብሎ ጨመረ።

እትዬ እጇን ሳትታጠብ፣ በነሽርጧ፣ ወጣች።

ስትደርስ ትልቁ ፍሬን እየያዘ፣ እየለቀቀ፣ መኪናዋን ቁልቁል ወደ ኋላ አንሸራቶ ጋራዡ በር ላይ አቁሟታል። ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቷል። ከዳገቱ ወገብ እስከ ጋራዡ በር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ጥቁር መስመር ተስሏል፤ ካርቶን የሚበቃው አልነበረም። የቫኗ መስኮት በዳቦው ሙቀት ላብ አጥምቆታል። እትዬ ቀና ብላ ዳገቱን አየች። ሻይ ተቀድቷል። ይሄን ለማወቅ ሰዓት ማየት አላስፈለጋትም።

መካኒኩ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ኮፋኖውን ከፈተ። መለኪያዋን ብረት መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ መልሶ መዘዘ። ያን ሁሉ አፍስሳም ዘይቱ ገና ከልኩ በላይ ነው። ከዚያ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈታ። ክዳኑ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ከቦታዋ ወጥታ፣ አብጣ፣ እንደ ተነፋ ከንፈር ተንጠልጥላለች። በጣቱ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ሞከረ፤ ሰፍታለች፣ አልገባም አለች። በጥፍሩ ሲነካት ተላጠች።

ለእትዬ አሳያት። ከላይ ያለችው እንዲህ ከሆነች ከውስጥ ያለችው ምን እንደምትመስል መገመት አያቅትም አላት። ቀለበቱ ዘንጉን ለቅቆ፣ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ፈሷል፤ የሞተሩን ጉልበት ይዞ ለጎማ የሚያደርሰው እሱ ነው። በዘይት የራሰ ፍሪሲዮን ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ለዚህ ነው ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የቆመችው።

«እኔ የጨመርኩት አንድ ጠርሙስ ነው» አለ። «ይሄ ጎማ የጠጣው የአንድ ጠርሙስ አይደለም። ከኔ በኋላ ማነው እጁን ያስገባ?»

ትልቁ ሰማይ አየ።

እትዬ ለትንሹ ደወለች፤ ና፣ ጋራዥ ብቻ ነው ያለችው። እየተጣደፈ መጣና ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ ቆመ። መካኒኩ ጥያቄውን ደገመው። ትንሹ ለእትዬ፣ ንገሪው፣ ጠዋት የሚነዳት እሱ ነው አለ። ትልቁ ለእትዬ፣ ንገሪው፣ ማታ የሚያሳድራት እሱ ነው አለ።

«አልነግርም» አለች።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሁለቱም ግን ዞረው አዩዋት፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅማ።

«አፍ አላችሁ፣ ጆሮ አላችሁ። እኔን መሀል ገትራችሁ ጨጓራዬን ልጣችሁ ጨረሳችሁት። የአባታችንን መኪና ገደላችሁ፣ የሰው በሽተኛ ጦሙን አስቀመጣችሁ፣ አሁንም ንገሪው። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አልነግርም። የጨመረ ሰው ካለ ወንድሙን እያየ ይናገር፤ ካልሆነ ቁልፉን እዚሁ አስቀምጣችሁ ከዓይኔ ጥፉ።»

መካኒኩ ኮፋኖው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራው ነገር ያለ መሰለ።

በመጨረሻ ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሙን አላየም፤ ክዳኑን እያየ ተናገረ። ከሆስፒታል ሲመለስ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ገዝቷል። ጠብታው ማነሱን አይቶ፣ ትንሽ ቢጨመርበት ድርቅ ይላል ብሎ ነው። ባለሱቁም ይሄኛው ከዚያኛው ይበረታል አለው። ሲደርቅ ለእትዬ ሊነግራት ነበር፣ ያደረቅኳት እኔ ነኝ ሊላት። ዘይትም እንደ ድሮው በየጠዋቱ ጠብ ያደርግ ነበር።

ትልቁ ሲናገር ትንሹ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ የዓመታት ጥሙን የሚያረካበት ፈገግታ ነበር። ግን ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ። እትዬ አየችው። ዓይኗን ከሱ አላነሳችም።

«እኔም ጨምሬያለሁ» አለ ትንሹ፣ መሬት መሬት እያየ።

እሱም ከመለዋወጫ ሱቅ፤ ያውም ከዚያው ሱቅ። እሱም ሲደርቅ ሊነግራት። እሱም ዘይት ከሰዓት በኋላ ጠብ እያደረገ። ጠርሙሱን ወንበር ሥር ይደብቃል፤ ትልቁ ከዱቄት ጆንያ ኋላ። አንዱ ሲጨምር ሌላው አላየም፣ ምክንያቱም ሲተያዩ አይተያዩም።

እትዬን ያነደዳት መጨመራቸው ብቻ አይደለም። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሲወጣ ሁለቱም አይተዋል። ሁለቱም መለኪያውን ይዘው ደስ ብሏቸዋል። አንዳቸው ለአንዳቸው፣ አንተ ጨመርክ ወይ፣ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር፤ ይቺ አንዲት ቃል ከበደቻቸው።

«ዘይት ከየት የሚመጣ መሰላችሁ?» አለቻቸው። «ከሰማይ ነው የሚዘንብ?»

ትልቁ በሐፍረት መድኃኒቱን መራገም ሲጀምር መካኒኩ ከኮፋኖው ውስጥ አንገቱን አወጣ። መድኃኒቱን አትሳደብ፣ የታዘዘውን ሠርቷል፣ አለስልስ ብትሉት አለስልሷል አለው። ከዚያ ለእትዬ፣ ካምቢዮው ዛሬውኑ ይወርዳል፣ ቀለበቱም ፍሪሲዮኑም ይለወጣል፣ ከሳምንቱ በፊት ግን አትጠብቂኝ አላት። እሷም ይሁን አለች። ዓይኗ ላብ ያጠመቀው መስኮት ላይ ነበር።

ጋራዡ ጥግ ላይ ካምቢዮና ጎማ የሚመላለስባት ባለ ሁለት እግር ጋሪ ቆማለች። እትዬ መካኒኩን አስፈቀደች። ሽርጧን ፈትታ ጋሪዋ ላይ አነጠፈችና የዳቦውን ሣጥኖች አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። እነሱ ቆመው ያያሉ። ና እርዳኝ አላለችም፣ አንተ ጎትት፣ አንተ ግፋም አላለችም። ጭና ስትጨርስ የጋሪዋን ክንዶች ይዛ ዳገቱን ብቻዋን ጀመረችው። ጥቂት ሄዳ ጋሪዋ ከበዳትና ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

ትንሹ ሮጦ ከኋላ ደገፋት። ትልቁ መጥቶ ክንዶቹን ከእጇ ወሰደ። እትዬ ለቀቀችላቸውና በጎን መሄድ ጀመረች፤ አንድ እጇን የላይኛው ሣጥን ላይ አድርጋ። የጋሪዋ እግር ብቻ ያቃስታል።

ዳገቱ ወገብ ላይ ጉድጓድ አለ። ትልቁ አንገቱን ደፍቶ ስለሚጎትት አላየውም። ከኋላ ያለው ትንሹ ነው ያየው። እትዬም አይታዋለች፤ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተናገረችም።

«ወደ ግራ» አለ ትንሹ። ትልቁ ሳይሰማ ቀረ፣ ወይም አልሰማ አለ። «ወደ ግራ በል እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ! ዳቦውን ልትደፋው ነው።»

«ደንቆሮ አባ...» ብሎ ጀመረ ትልቁ፣ ወደ ግራ እየሳበ፤ ከዚያ ስድቡ የማን አባት ላይ እንደሚያርፍ ትዝ አለውና ዋጠው።

እትዬ ሳቋ መጣ። አልፈቀደችለትም። ዛሬ የሚሳቅበት ቀን አይደለም።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ለቁርስ ከሱቅ ደረቅ ብስኩት አስመጥታ አድላለች። ጋሪዋን አየች፣ የላባቸውን ሁለት ወንዶች አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ እትዬ ዞራ ምክንያቱን ጠየቀች። ሁልጊዜ ምክንያት የምታቀርበው እትዬ ናት፤ ጎማ፣ መንገድ፣ ዝናብ እያለች። ዛሬ አፏን አልከፈተችም። በአገጯ ወንድሞቿን አመለከተች።

ትልቁ መኪናው ተበላሽቶ ብሎ ጀመረ። ኃላፊዋ፣ መኪና ምን ሆኖ ይበላሻል አለች። ትልቁ ወደ ትንሹ አየ። ፊቱን ካየው ስንት ጊዜው ነው። ትንሹ ቀጠለ። ዘይት ታፈስ ነበር፣ መድኃኒት ጨመርን። ሁለታችንም ጨመርን። እሱ እንደጨመረ አላውቅም ነበር። እኔም እሱ መጨመሩን አላውቅም ነበር አለ ትልቁ። ለምን አልጠየቃችሁም አለች።

«አንድ አዛውንት አለኝ» አለች ኃላፊዋ። «ጠዋት መርፌውን ተወግቶ ቁርሱን ይጠብቃል። ሳይበላ ከቆየ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ እጁን ይዤው ብስኩት አጎረስኩት። እናንተ ስለተኳረፋችሁ።»

ትልቁ ጆሮው ቀላ። ትንሹ ቆቡን አውልቆ ይጨምቀው ጀመር።

ኃላፊዋ ከላይኛው ሣጥን አንድ ዳቦ አነሳች፣ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ዳቦው ተመለሰ። ለምሳ ትወስደዋለች። የቁርሱ ግን ነገ ሻይ ሳይቀዳ እዚህ በር ላይ ይገኝ፤ በመኪና አምጡት፣ በጋሪ አምጡት፣ በጀርባችሁ ተሸከሙት፣ ለኔ አንድ ነው፤ ነገ ከቀረ በዚህ በር ድርሽ እንዳትሉ አለች። ይህንን ስትል እትዬን ሳይሆን እነሱን ነበር የምታየው።

ባዶ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ያስቸግራል፤ ሰው ጥሎ መሮጥ ያምረዋል። ትልቁ ከፊት በጀርባው እየገታት፣ ትንሹ ከኋላ እየጎተታት ወረዱ። ነገ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ዳቦ ቤት እንገናኝ አለ ትልቁ። በአሥር ሰዓት ወጥተን ይሄን ዳገት መቼ ልንጨርሰው ነው፣ በዘጠኝ ነው መምጣት ያለብህ አለ ትንሹ። በዘጠኝ ዳቦው ከምድጃ አይወጣም አለ ትልቁ። አንተ መቼ ምድጃ አይተህ ታውቃለህ አለ ትንሹ። አሮጊቷ በማን እጅ እንደሞተች ደግሞ ተነሳ፣ ራዲያተሩ ተነሳ፣ ውሃው ተነሳ። የዓመታት ነገር ነው፣ በአንድ ቁልቁለት የሚያልቅ አልነበረም። ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው አዩዋቸው።

እትዬ ንዴቷ አልበረደም። ገና አልበረደም፤ ነገ ጠዋት ጋሪዋ ዳገቱን ስትወጣ ሳታይ አይበርድም። ግን ጥላው የመጣችው ቡኮ ትዝ አላት፤ እስካሁን ከገበታው ሞልቶ ፈሶ ይሆናል። እነሱን ከኋላ ትታ እርምጃዋን አፈጠነች። ትልቁ «እትዬ» ብሎ ጠራት፤ ማን ልክ እንደሆነ እንድትፈርድለት ይመስላል። ዞር አላለችም።